የደመቀው ስም የማን ነው?
በስልክ አፕ ላይ ስላሉ የስም ዝርዝሮች የቀረበ አስተያየት



ባለፈው ተርም መጨረሻ ላይ የትምህርት ፕሮጀክታችን አስተባባሪዎች አንድ ሥራ ሰጡኝ። የተማሪዎችን ስም ለመያዝና መቅረት መገኘታቸውን ለመመዝገብ የምንጠቀምበት አፕ አዲስ እትም መጥቶለታል። ‹‹አንተ ኮምፒውተር የተማርክ ነህ፤ እየውና አስተያየትህን ጻፍልን›› አሉኝ። ተማርክ የሚባለው እንኳ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተቋረጠ ትምህርት ነው፤ እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቢሆንም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ከሌሎቹ የተሻለ እውቀት አለኝ ብዬ ሳይሆን ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳው ደግሞ ከካርቱም ሁለት የመጣ ነው።

ስለዚህ አስቀድሜ የሆነውን ልናገር፤ ሂሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካርቱም ሁለት ውስጥ በአንድ የኪራይ ቤት እናስተምር ነበር። ሦስት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ። ጠዋት ሕፃናት፣ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችና ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ይማሩ ነበር። ለኮምፒውተር ኮርስ 43 ሰው ተመዘገበ፤ ቦታው ግን 12 ብቻ ነው። ፈተና ሰጠን፣ አረምን፣ 12ቱን በውጤታቸው ለየን። እኔም የፊደል ተራ ጠብቆ በተደረደረው የስም ዝርዝር ላይ አሥራ ሁለቱን ስሞች አንድ በአንድ ነካሁ። እያንዳንዱ ስም ሲነካ ቢጫ ይሆናል። ጨረስኩ።

በዚህ መሃል አንድ ዘግይቶ የመጣ ልጅ በር አንኳኳ። ኮርሱ እንዳለፈው ነገርኩት፣ ለሚቀጥለው ዙር ግን ልመዝግብህ ብዬ ስሙን አስገባሁ። ስሙ በ‹ዘ› ይጀምራል። አፑም በፊደል ተራው መሠረት ዘ ላይ አስገባው። ከዚያ ቢጫ ያለባቸውን ስሞች ከላይ ወደ ታች እያነበብኩ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ቁጥሩ ልክ ነው። በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ስሕተቱን ያገኙት ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት መምህር ናቸው። እሳቸው አፕ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ውጤት የሚይዙት በወረቀት ሮስተር ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሮስተራቸውን ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ሲያስተያዩ ከታች ያሉት ሦስት ስሞች ሌሎች ናቸው። ያለፉት ሦስት ልጆች የሉም፤ በእነሱ ቦታ ከእያንዳንዳቸው አንድ ተራ ከፍ ብለው ያሉ ስሞች ተጽፈዋል። ‹‹ልጄ፣ ወረቀት እኮ አይንሸራተትም›› አሉኝ። አፈርኩ። በዓሉ ደርሶ ስለነበረ ‹‹ከፋሲካ በኋላ እናስተካክለዋለን›› ተባባልን።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በማግሥቱ ስቅለት ነበር፤ በማግሥቱ ደግሞ ቅዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ። ዶሮ ገዝቶ የነበረ ዶሮውን ጥሎ ወጣ። ኮርሱም ለማንም አልተሰጠም፤ ያ ቤት ዳግመኛ አልተከፈተም።

እንግዲህ ‹‹ኮርሱ ካልተሰጠ ምን ተጎዳ?›› የሚል ይኖራል። እኔም ራሴን እንደዚያ አጽናናው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ስማቸው ከቀረው ሦስት ልጆች አንዷን በስልክ አገኘኋት። አሁን ሌላ አገር ናት። የሆነውን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና ‹‹ቲቸር፣ እኔ እኮ ጭንቅላቴ ለኮምፒውተር አይሆንም ማለት ነው ብዬ ትቼው ነበር›› አለችኝ። ከአሥራ ሁለቱ መካከል በውጤት አራተኛ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደማትችል አምና ኖራለች፤ ይህን ያሳመናት ቦታውን የሳተ ቢጫ ቀለም ነው፤ ቀለሙን አምኖ የገለበጠውም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ።

አንድ ቀለም፣ አራት ትርጉም

በዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር ከሌላው ለይቶ ማድመቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ቀለም መቀባት አይደለም እንዴ? ነገር ግን የደመቀ መስመር ቢያንስ ከአራት ነገሮች አንዱን ሊነግረን ይችላል። አንደኛው ‹‹አሁን ያለኸው እዚህ ላይ ነው›› ነው። ሁለተኛው ‹‹ይህን መርጠሃል›› ነው። ሦስተኛው ‹‹ይህ አዲስ ነው፣ ገና አላየኸውም›› ሲሆን አራተኛው ‹‹እዚህ ላይ ችግር አለ፣ ተጠንቀቅ›› የሚል ነው።

ባለ ቁልፍ ስልኮችን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን፣ ከላይ መብራት ያለውን ኖኪያ 1100 ያልያዘ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። በእሱ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጥቁር መስመር ነበር። ቁልፉን ወደ ታች ስትጫን ጥቁሩ መስመር አንድ ስም ይወርዳል፤ ወደ ላይ ስትጫን ይወጣል። ጥቁር መሆኑ ‹‹እዚህ ነህ›› ማለት ብቻ ነው። መምረጥ ከፈለግህ ሌላ ቁልፍ ትጫናለህ። በማየትና በመወሰን መካከል ትንሽ ፋታ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ከወጣ፣ ከዚያም የታች ስልክ ከተስፋፋ በኋላ ያቺ ፋታ ጠፋች። ጣት ያረፈበት ሁሉ ወዲያው ይመረጣል። ስለዚህ ማድመቁ የሚመጣው ከውሳኔው በፊት ሳይሆን ከውሳኔው በኋላ ነው። ‹‹ምን ልታደርግ ነው?›› ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ ‹‹ይኸው ይህን አድርገሃል›› የሚል ብቻ ነው የቀረው። እሱም ቢሆን በትክክል ከነገረን ነው።

ጥሩ አፖች እነዚህን አራት ትርጉሞች በተለያየ መንገድ ይለያሉ። ዋትስአፕን ውሰዱ። ያልተነበበ መልእክት ሲኖር ከስሙ አጠገብ ቁጥር የያዘ አረንጓዴ ክብ ይወጣል። ከዝርዝሩ አንዱን ስትመርጡት ደግሞ የራይት ምልክት ያርፍበታል። አዲስ መሆኑና መመረጡ በአንድ ምልክት አይነገርም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይለያቸዋል።

የእኛ አፕ ግን የተመረጠውንም፣ አዲስ የተመዘገበውንም በዚያው ቢጫ ያሳያል። የቀረ ተማሪ ቀይ ነው፤ መረጃው ያልተሟላም ቀይ ነው። እኔ በአዲሱ እትም የአንዲት ሕፃን ስም ቀይ ሆኖ አይቼ ‹‹ዛሬም ቀረች?›› ስል ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። ለካ የአባቷ ስልክ ቁጥር ስላልተሞላ ነው!

ቀይ ለእኛ ምንድን ነው?

ስለ ቀለም ካነሣን የራሳችንን ነገር እናስታውስ። ዝርዝር ውስጥ ያለን ስም ለይቶ ማድመቅ ስልክ ያመጣው ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፍት ለዘመናት ሲሠሩት የኖሩት ነው። መጽሐፉ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የምዕራፉ መነሻ፣ የቅዱሳን ስም፣ የእመቤታችን ስም ግን በቀይ። ሰንጠረዥና ቁጥርም እንዲሁ ጥቁርና ቀይ እየተፈራረቀ ይጻፋል። አንባቢው ከሩቅ ዓይኑን ጣል ሲያደርግ የሚፈልገውን ያገኘዋል። የግእዝ ቁጥሮችንም ተመልከቱ፤ ፩፣ ፪፣ ፫ ከላይና ከታች ሰረዝ አላቸው። ሰረዙ ‹‹ይህ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው›› ብሎ የሚለይ ምልክት ነው። ስለዚህ የእኛ ጸሐፊዎች ቀለምንም ቅርጽንም ተጠቅመዋል ማለት ነው።

ታዲያ በብራና ላይ ቀይ የክብር ቀለም ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ቀይ ሌላ ሆነ። ካርድ ላይ በቀይ እስክርቢቶ የተከበበ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገረውም፤ ቤት የሚደርስበትን መንገድ የሚያስረዝም ነገር ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ቀይ ያልተነሣ ጥሪ ነው፣ ስሕተት ነው፣ ‹‹ሰርዝ›› ነው። አንዱ ቀለም በአንዱ ሰው ሕይወት ውስጥ እንኳ ሦስት ትርጉም አለው።

ለዚህ ነው ቀለም ብቻውን በቂ ያልሆነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የዓለም አቀፉ የድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ውስጥ መረጃ በቀለም ብቻ መተላለፍ እንደሌለበት ተደንግጓል። ምክንያቱም ቀይንና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎች አሉ። በአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። በአፍሪካ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ግን አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ አስቀምጠን የምናስተምር ሰዎች ‹‹እኛ ዘንድ የለም›› ልንል አንችልም።

መመሪያው ሌላም ነገር ይላል። ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ሊኖረው የሚገባው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትም ደግሞ እንደ ሣጥንና ምልክት ላሉት ቢያንስ 3 ለ 1 ተብሏል። እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ የቅንጦት ነገር አይደሉም። የሱዳንን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ስልኩ የተሰነጠቀ ነው፤ ባትሪ እንዲቆይ ብለን የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርገነዋል፤ ሐቡብ በተነሣ ቀን አቧራውም አለ። በነጭ ላይ የተቀባ ፈዛዛ ቢጫ በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ጭራሽ አይታይም። ቢሮ ውስጥ ኤሲ ከፍቶ የሠራው ሰው ይህን አላየውም፤ አልፈርድበትም፣ ግን ሊነገረው ይገባል።

የስኒው ምሳሌ

አሁን ተማሪዎች በተለይ ፕሮግራሚንግ የጀመራችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የካርቱም ሁለቱ ስሕተት እንዴት ተፈጠረ? አፑ የያዘው ‹‹እገሌ ተመርጧል›› የሚለውን ሳይሆን ‹‹38ኛው መስመር ተመርጧል›› የሚለውን ነበር። አዲስ ልጅ ዘ ላይ ሲገባ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ተራ ወረደ። 38ኛ የነበረችው 39ኛ ሆነች። ቢጫው ግን 38ኛው ላይ ቀረ፤ እዚያ የመጣው ደግሞ ቀድሞ 37ኛ የነበረው ልጅ ነው። ከዘ በላይ ያሉት ምንም አልሆኑም። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው። ቁጥሩ ልክ በመሆኑ ማን ይጠረጥራል? አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠን እንግዳ በስሙ ሳይሆን ‹‹ሦስተኛው ወንበር›› ብሎ እንደመያዝ ነው። ወንበር ሲጨመር ክብሩ ለሌላ ይሄዳል።

ይህ ጉድለት በአዲሱ እትም ታርሟል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ መለያ ቁጥር አለው፣ ምርጫውም ከመለያው ጋር ነው የሚያዘው። እኔም ስድሳ የፈጠራ ስም አስገብቼ ሞከርኩት። መሃል ላይ ስም ብጨምር፣ በውጤት ብደረድር፣ መልሼ በፊደል ብደረድር ቢጫው ከባለቤቱ አልተለየም።

ሌላ ነገር ግን አገኘሁ። ሦስተኛውን ስም ነካሁ፤ ቢጫ ሆነ። ወደ ታች ሳብኩት። አሥራ አራተኛው ስም ላይ ስደርስ እሱም ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ! አልነካሁትም እኮ። ወደ ላይ ተመለስኩ፣ እንደገና ወደ ታች ወረድኩ፤ አሁን ቢጫው ሌላ ስም ላይ ነው። ጎበዝ፣ ይህ ምንድን ነው?

ይህን በቡና እንየው። አርባ እንግዳ ያለበት ቤት አርባ ስኒ የለውም። ስምንት ወይም አሥር ስኒ ነው ያለው። የጠጣው ሲመልስ ስኒው ይታጠብና ለሚቀጥለው ይቀዳበታል። ስልኩም እንደዚሁ ነው። የስልኩ ስክሪን በአንድ ጊዜ አሥር ስም ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ስልሳ መስመር ቢፈጥር ማህደረ ትውስታው ይጨናነቃል፤ ርካሽ ስልክ ደግሞ ይቆማል። ስለዚህ አሥር ያህል መስመር ይሠራል፤ አንዱ ከላይ ሲወጣ ያንኑ መስመር ከታች አምጥቶ ሌላ ስም ይቀዳበታል። በአንድሮይድ ይህ አሠራር ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው የዝርዝር መሥሪያ እንዲያውም ስሙ ራሱ ‹‹ሪሳይክለር›› ይባላል፣ መልሶ ተጠቃሚ እንደማለት።

ችግሩ የሚመጣው ስኒው ሳይታጠብ ሲቀዳበት ነው። ፕሮግራመሩ ‹‹ስሙ ከተመረጠ መስመሩን ቢጫ ቀባ›› ብሎ ጽፏል። ‹‹ካልተመረጠ ቀለሙን አጥፋ›› የሚለውን ግን ረስቷል። ስለዚህ በሦስተኛው ስም ጊዜ ቢጫ የሆነው መስመር ለአሥራ አራተኛው ሲያገለግል ቢጫውን ይዞ ይመጣል። መረጃው ውስጥ የተመረጠው አንድ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ግን ሁለት ያሳያል። ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ያዙ፦ ቀለሙን ለመቀባት እንደምታስቡ ሁሉ ለማጥፋትም አስቡ። ስክሪኑን አትመኑ፤ ስክሪኑ ሁልጊዜ ‹‹ይህ ሰው ተመርጧል ወይ?›› ብሎ ከመረጃው ጠይቆ ይቀባ።

የእኛ ስምና የእኛ ፊደል

አፑ አማርኛ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን አማርኛ ማድረግ ማለት ቃሉን መተርጎም ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ አንድን ቃል በትልቅ ፊደል ጽፎ ማጉላት ይችላል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። ስለዚህ የሚቀረው ቀለም፣ መጠንና ፊደሉን ማወፈር ነው። ማወፈሩ ደግሞ አደጋ አለው። ስልኩ ውስጥ ለግእዝ ፊደል የተዘጋጀ ወፍራም ቅርጽ ከሌለ ስልኩ ቀጭኑን በግድ ያወፍረዋል፤ ያኔ የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ካዕብና ሣልስ የሚለዩበት ትንሿ እጅ ትጠፋለች። እንዲጎላ የተፈለገው ስም ከሌሎቹ ይልቅ የማይነበብ ይሆናል። በእኛ አፕ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ረጅም ስም። አፑ ስሙ ከመስመሩ ሲበልጥ ጫፉን ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያደርጋል። ገብረመድኅን፣ ገብረሥላሴ፣ ገብረእግዚአብሔር የሚባሉ ሦስት ልጆች ቢኖሩ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ‹‹ገብረ…›› ‹‹ገብረ…›› ‹‹ገብረ…›› ነው። መካከለኛው ቢደምቅ የትኛው ደመቀ? በአንድ ክፍል ሦስት ሰላማዊት ሲኖሩ ደግሞ ከአባት ስም በስተቀር መለያ የለም፤ አፑ የሚቆርጠው ግን የአባትን ስም ነው! ስሙ በሁለት መስመር ቢጻፍ ምን ይጎዳል?

ሦስተኛ፣ መፈለጊያው። ‹ሀይሉ› ብዬ ስጽፍ ‹ኃይሉ› ተብሎ የተመዘገበውን አያሳየኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለስልኩ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይመዘግባል። ልጁ የለም ተብሎ እንደገና ይመዘገብና ሁለት ሰው ይሆናል። ወረቀቱ በየቢሮው በተለያየ አጻጻፍ ለሚጻፍበት ስደተኛ ይህ ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሁሉ ከደመቀ ምንም አልደመቀም

እ.ኤ.አ. በ1933 ሄድዊግ ፎን ሬስቶርፍ የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ነገር አሳይታለች። ተመሳሳይ ነገሮች በተደረደሩበት ዝርዝር ውስጥ የተለየው አንዱ በሰው አእምሮ የበለጠ ይቀራል። የማድመቅ ኃይሉ ይኸው ነው፤ የሚሠራው ግን የተለየው አንድ ወይም ጥቂት ሲሆን ብቻ ነው። አዲሱ እትም ውስጥ አንዱን ክፍል ብትከፍቱ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተደባልቆ የሰርግ ድንኳን ይመስላል። ከስድሳ ስም አርባው ደምቋል። ዓይን የት ይረፍ? ብራና ጸሐፊው ገጹን ሙሉ በቀይ ቢጽፈው ኖሮ የቅዱሱን ስም ማን ያገኘው ነበር?

ፍትሐዊ ለመሆን መልካም ጎኑንም ልናገር። አፑ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በሱዳን አብዛኛው ክፍል የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በጦርነቱ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚገበያየው ባንክ ኦፍ ካርቱም ባወጣው ባንካክ በሚባለው አፕ ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም ከእጅ ወጣ። የእኛ መመዝገቢያ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜም ይሠራል። በርካሽ ስልክ ላይም አይንቀራፈፍም። የሚነካው ቦታም ሰፊ ነው፤ የአንድሮይድ መመሪያ የሚመክረው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ እዚህ ከዚያ አያንስም። ጣት ወደ ጎረቤት ስም አይንሸራተትም። ስለዚህ አፑ ይጣል አልልም። ይታረም ነው የምለው።

የሚታረመውም ብዙ አይደለም። የተመረጠ ስም ከቀለሙ በተጨማሪ የራይት ምልክት ይኑረው። ችግር ያለበት በቀለም ሳይሆን በቃል ‹‹ስልክ ቁጥር ይጎድላል›› ይባልለት። ከላይ ‹‹12 ተመርጠዋል›› የሚል ቁጥር ይውጣ፤ ከማጽደቁ በፊት ደግሞ የአሥራ ሁለቱ ሙሉ ስም ብቻውን ተዘርዝሮ ‹‹እነዚህ ናቸው?›› ተብሎ ይጠየቅ። ያቺ ከኖኪያው ጋር የሄደችው ፋታ ትመለስልን ማለቴ ነው። ቁጥር ብቻ እንደማይበቃ እኔ ምስክር ነኝ፤ የእኔም ቁጥር ልክ ነበር።

ለመምህራን

እስኪታረም ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ዝርዝር ላይ ከመረጥኩ በኋላ እስከ መጨረሻው ወርጄ ተመልሼ እወጣለሁ፤ ያልነካሁት ቀለም ካለ እዚያው ይጋለጣል። ከምርጫ በኋላ አዲስ ስም አላስገባም፤ ካስገባሁም ምርጫውን ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ስልኩን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አያለሁ። በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ሌላ መምህር ከሮስተሩ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ከስልኩ አረጋግጣለሁ፤ ስምን ከነአባት ስም። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ለቀረ ልጅ ‹‹አልተመረጥክም›› ብቻ ብዬ አልሸኘውም፤ ውጤቱን አሳየዋለሁ። ያቺ ልጅ ያን ዕለት ውጤቷን ብታየው ኖሮ ስሕተቱን ራሷ ታገኘው ነበር፤ እኔ ግን ወረቀት ለጥፌ ሄድኩ።

ተማሪዎችም ስማችሁ ስትጠብቁት የነበረ ዝርዝር ላይ ባይኖር ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ‹‹ቲቸር፣ ውጤቴን ልየው›› ማለት መብታችሁ ነው። ማሽን ሊሳሳት ይችላል፣ አስተማሪም ይሳሳታል፤ ሁለቱ አብረው ሲሳሳቱ ደግሞ የሚጎዳው ዝም ያለው ነው።

ይህን አስተያየት ለአፑ ሠሪዎችም በደብዳቤ ልኬአለሁ። መልስ ሲመጣ በዚሁ ጋዜጣ አሳውቃችኋለሁ። በካርቱም ሁለት በር ላይ የቀረው ወረቀት ምናልባት እስካሁን ተለጥፎ ይሆናል፤ እሱን ላርመው አልችልም። ልጅቷ ግን ባለችበት አገር የኮምፒውተር ትምህርት እንደገና ልትመዘገብ እንደሆነ ነግራኛለች። እኔም ሮስተሩ ላይ የነበረውን ውጤቷን ጽፌ ልኬላታለሁ።

ቸር ያሰማን።